«መርከብ አነሰኝ»፦ የ24 ሣጥን ባሕር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ሲቪላይዜሽን 3 በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የተካሄደ አንድ ጦርነት ነው። ተጫዋቹ ጓደኛዬ ነው። እኔ የገባሁበት መሀል ላይ፣ ሴቭ ፋይሉን (ጨዋታው የተቀመጠበትን ፋይል) በቴሌግራም ልኮ «መርከብ አነሰኝ፤ ስንት ልጨምር?» ሲለኝ ነው። ፋይሉን ከፍቼ ሳሰላው መልሱ «ምንም አትጨምር» ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ልጻፈው፤ ምክንያቱም በየተራ በሚሄዱ የስትራቴጂ ጨዋታዎች ባሕር ማዶ የሚዋጋ ሰው ሁሉ ይህ ነገር አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ፊራክሲስ የተባለ ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። አርጅቷል። ግን ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ በየተራው ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ መብራት ቢጠፋም ብዙ አትጎዱም። እስካሁን የማይለቁት ሰዎች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ጓደኛዬ የራሱን አህጉር ጠቅልሎ ይዟል። ከተሞቹ ሁሉ በባቡር ሐዲድ ተያይዘዋል። ጠላቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ፣ ከባሕር ማዶ ባለው አህጉር ላይ ተቀምጧል። ከጓደኛዬ ምሥራቃዊ ወደብ እስከዚያኛው ዳርቻ 24 ሣጥን ውሃ አለ፤ ሣጥን ማለት ካርታው ከተከፋፈለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ያሉት 4 ትራንስፖርቶች፣ ማለትም ጦር ጫኝ መርከቦች፣ ናቸው። እያንዳንዱ 8 ዩኒት (ታንክ ወይም እግረኛ) ይጭናል፤ በአንድ ተራ 6 ሣጥን ይሄዳል። (ፍጥነቱ እንደ ሥሪቱ ይለያያል፤ እንደ ማጄላን ጉዞ ያለ፣ ልዩ ጥቅም የሚሰጥ ድንቅ ሥራ የገነባ ሰውም ይጨምርለታል። እዚህ ጨዋታ ላይ 6 ነው።) ፋብሪካዎቹ ተደምረው በየተራው ወደ 4 ታንክ ያወጣሉ።

የመጀመሪያው ወረራ ተሳክቶለት ነበር። አራቱን መርከቦች ሞልቶ፣ አንድ ዲስትሮየር አጅቧቸው፣ 32 ዩኒት አንዲት የወደብ ከተማ አጠገብ አራገፈ። በሚቀጥለው ተራ ከተማዋን ያዘ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገፍቶ ሁለት ከተማ ጨመረ። ከዚያ ቆመ። ታንኮቹ ቆስለዋል፤ ተተኪ የለም። መርከቦቹ ባዶ ሊመለሱ 4 ተራ፣ ሞልተው ሊመጡ ሌላ 4 ተራ። በዚህ መሀል ጠላት ትንፋሹን ይሰበስባል፣ አዲስ እግረኛ ያሰለፋል። ሁለተኛው ዙር 32 ታንክ ሲመጣ የመጀመሪያው ዙር የከፈተው ቀዳዳ ተደፍኖ ይጠብቀዋል።

በላዩ ላይ ደግሞ አንድ አደጋ ደረሰበት። ዲስትሮየሩ ተጎድቶ ለጥገና ወደብ በገባበት ሰሞን ሰርጓጅ መርከብ አንዱን ትራንስፖርት አሰጠመ። በዚህ ጨዋታ መርከብ ሲሰጥም የጫነው ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው። 8 ታንክ፣ እያንዳንዱ 100 ሺልድ (ሺልድ የፋብሪካ ምርት መለኪያ ነው)፣ በአንድ ምት 800 ሺልድ ውሃ በላው። ምትኩን ሠርቶ እንደገና 4 መርከብ ይዟል። ሌላ 4 ደግሞ ሊያሠራ ትእዛዝ ሊሰጥ ሲል ነው እኔን የጠየቀኝ።

«ጭነቱ ከየት ይመጣል?» አልኩት።

«የምን ጭነት?»

«አራቱን ተጨማሪ መርከቦች ምን ልትሞላባቸው ነው?»

ዝም አለ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ መርከብ በ8 ተራ አንድ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል፤ 8 ዩኒት ያደርሳል። ስለዚህ አንዱ መርከብ በአማካይ በተራ አንድ ዩኒት ያሻግራል ማለት ነው። አራት መርከብ በተራ አራት ዩኒት። ፋብሪካዎቹም በተራ አራት ታንክ ነው የሚያወጡት። መርከቡና ፋብሪካው ልክ ለልክ ናቸው። አራት መርከብ ቢጨምር ግማሾቹ ባዷቸውን ይመላለሳሉ፤ ለእነሱ ሲባል ደግሞ ያን ያህል ታንክ ሳይሠራ ይቀራል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ታንኩ ከፋብሪካ ወጥቶ ጦር ሜዳ እስኪደርስ የሚባክነው ጊዜ ነው። የመርከቦቹን ዙር በተራ ቁጥር እንከተለው። በ1ኛው ተራ ሞልተው ይነሣሉ፣ በ4ኛው ይደርሳሉ፣ በ8ኛው ባዶ ተመልሰው ወደብ ይገባሉ፣ በ9ኛው እንደገና ይነሣሉ፣ በ12ኛው ይደርሳሉ። መርከቦቹ ልክ ሲነሡ በ9ኛው ተራ የደረሰ ዕድለኛ ታንክ 3 ተራ ቆይቶ ማዶ ነው። መርከቦቹ ከሄዱ በኋላ በ2ኛው ተራ የወጣው ዕድለ ቢስ ግን 7 ተራ ወደብ ላይ ተገትሮ፣ 3 ተራ ባሕር ላይ ቆይቶ፣ ከ10 ተራ በኋላ ነው የሚደርሰው። አማካዩ 6 ተራ ተኩል ነው። በተራ 4 ታንክ ሲባዛ 26 ይሆናል። ማለትም በማንኛውም ጊዜ ቆጠራ ብታደርጉ፣ ተሠርተው ያለቁ፣ ዋጋቸው የተከፈለ፣ ግን አንዲት ጥይት የማይተኩሱ በአማካይ 26 ታንኮች አሉት። ወይ ወደብ ላይ ተሰልፈዋል፣ ወይ ማዕበል ላይ ናቸው። «መርከብ አነሰኝ» የሚለው ሰው የሚጎድለው እነዚህ 26ቱ ናቸው።

መፍትሔው ጨዋታው ራሱ ውስጥ አለ። ሦስት ሕጎችን አንድ ላይ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንደኛ፣ ከተማ ውስጥ ሆኖ መርከብ ላይ መጫን የዩኒቱን እርምጃ አይበላም። ሁለተኛ፣ ሁለት መርከቦች አንድ ሣጥን ላይ ከተገናኙ ባሕር መሀልም ቢሆን ዩኒቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ይህም እርምጃ አይበላም። ሦስተኛ፣ መርከቡ የራስ ከተማ ሲገባ የተሳፈረው ዩኒት የራሱን እርምጃ እንደያዘ ይወርዳል፤ በዚያው ተራ መንቀሳቀስ ይችላል። ክፍት መሬት ላይ ሲወርድ ነው ሁሉንም የሚያጣው።

እንግዲህ የሚደክመው መርከቡ ብቻ ነው፤ ታንኩ አይደክምም። 6 ሣጥን ሄዶ የቆመ መርከብ ውስጥ ያለ ታንክ ገና ትኩስ ነው። አጠገቡ ሌላ ያልተንቀሳቀሰ መርከብ ካለ በዚያው ተራ ሌላ 6 ሣጥን ይሄዳል። ከዚያም ሌላ 6። የዱላ ቅብብል ማለት ነው፤ ሯጮቹ ይደክማሉ፣ ዱላው ግን አይቆምም።

ሴቭ ፋይሉ የመጣልኝ ጥሩ ሰዓት ላይ ነበር። አራቱም ትራንስፖርቶች አራግፈው፣ ባዷቸውን የተያዘችው ወደብ ውስጥ ቆመዋል። አብረው ወደ ቤት እንዲመለሱ ከማድረግ ይልቅ በመንገዱ ላይ እንዲቀሩ አደረግናቸው። አንዱ 6 ሣጥን ተመልሶ፣ ከቤት ወደብ ስንቆጥር 18ኛው ሣጥን ላይ ቆመ። ሁለተኛው 12ኛው ላይ። ሦስተኛው 6ኛው ላይ። አራተኛው ብቻ እስከ ቤት ሄደ። ይህ ተጨማሪ ጊዜ አልወሰደም። አራተኛው ድሮም ቢሆን ቤት ለመድረስ 4 ተራ ይፈልግ ነበር። ሌሎቹ ቀድመው ቦታቸውን ይዘው ጠበቁት።

ቀጣዩን ተራ ቀረብ ብለን እንየው። ታንኩ መሀል አገር ካለ ከተማ ይወጣል። በሐዲድ ላይ መሄድ በዚህ ጨዋታ እርምጃ ስለማይበላ በአንድ ጊዜ ወደብ ይደርሳል። ወደብ ያለው መርከብ ላይ ይጫናል። መርከቡ 6 ሣጥን ሄዶ፣ አሁን ከቤት ወደብ ስንቆጥር፣ ሁለተኛው መርከብ ያለበት ሣጥን ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ የተኛውን ታንክ ትቀሰቅሱታላችሁ፤ «ጫን» የሚለውን ትእዛዝ ትሰጡታላችሁ፤ ሁለተኛው መርከብ ላይ ይገባል። ለስምንቱም እንዲሁ። ርክክቡ ሲያልቅ ሁለተኛው መርከብ ይነሣል። ሦስተኛው ጋ፣ አራተኛው ጋ እንደዚያው። አራተኛው 24ኛው ሣጥን ላይ ያለችው ወደብ ሲገባ ታንኩ ዘሎ ይወርድና በቀረችው እርምጃ ወደ ግንባሩ ይጠጋል። ጠዋት ከፋብሪካ የወጣ ታንክ፣ በዚያው ተራ ማዶ ነው።

ጓደኛዬ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ታንኮች ሲያይ የጻፈልኝን እዚህ አልደግመውም። ጨዋ አንባቢ አለ።

አሁን ቁጥሩን እናስተያይ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ቅብብሉ በተራ የሚያሻግረውን ብዛት አልጨመረም። አንድ ዙር ካደረሱ በኋላ አራቱም መርከቦች 6፣ 6 ሣጥን ወደፊት ሄደዋል፤ በሚቀጥለው ተራ ባዶ ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው። ስለዚህ በ2 ተራ 8 ዩኒት፣ በተራ 4 ዩኒት ይሆናል። ያው የድሮው ነው። በረጅም ጊዜ አንድ መርከብ በተራ አንድ ዩኒት ማሻገሩ አይቀየርም፤ እንዴትም ብታሰልፉት ግማሽ መንገዱን ባዶ ነው የሚሄደው። የተለወጠው መቆያው ነው። ታንኩ ወይ በተሠራበት ተራ ይደርሳል፣ ወይ ቢበዛ አንድ ተራ ይጠብቃል። አማካዩ ግማሽ ተራ ነው፤ በ4 ሲባዛ 2 ታንክ። ድሮ 26 ታንክ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ አሁን 2። ሃያ አራት ታንክ ግንባር ላይ ተጨመረለት፤ አንድም አዲስ መርከብ፣ አንድም አዲስ ታንክ ሳይሠራ።

ሌላም ትርፍ አለ፤ እንደኔ ከዚህኛው ይበልጣል። በቅብብሉ ውስጥ ተራው ሲያልቅ ባሕር ላይ የሚያድሩት መርከቦች በሙሉ ባዶ ናቸው። ጠላት የሚያጠቃው በራሱ ተራ፣ እኛ እጃችንን ሰብስበን በተቀመጥንበት ሰዓት ነው። በድሮው ምልልስ 32 ታንክ በእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ሌሊት ውሃ ላይ ያድር ነበር። አሁን ሰርጓጁ መጥቶ ቢመታ የሚያገኘው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ያናድዳል እንጂ ጦርነቱን አያስቆምም።

እና ቅብብል ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ለመጀመሪያው ወረራ ቅብብል የሚጠቀም ሰው ጦሩን ያስፈጃል። አስቡት፤ አራቱን መርከቦች መንገድ ላይ ደርድራችሁ ብትጀምሩ መጀመሪያ 8 ዩኒት ይወርዳል፤ ከሁለት ተራ በኋላ ሌላ 8። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ የወረዱት ክፍት መሬት ላይ ነው። ማሪን ከሚባሉት የባሕር ኃይል እግረኞችና ከጥቂቶች በስተቀር ከመርከብ ላይ ሆኖ ማጥቃት ስለማይቻል ያን ተራ እንደቆሙ ጠላት ይመታቸዋል። ሁለተኛዎቹ ስምንት ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹን አያገኟቸውም። ጓደኛዬ ለመጀመሪያው ቀን 32ቱን አንድ ላይ ማራገፉ ትክክል ነበር። 32 ዩኒት በአንዴ ማራገፍ የሚችለው አብሮ የሚጓዘው ጓድ ብቻ ነው። ወደብ እስኪያዝ በጓድ፤ ወደብ ከተያዘ በኋላ በቅብብል። ወደቧ ናት ሁሉንም የምትለውጠው፤ ታንኩ እርምጃውን ሳያጣ የሚወርደው እሷ ውስጥ ብቻ ነውና።

አንዳንድ ተጫዋቾች ቅብብሉን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። «በአንድ ተራ ውቅያኖስ መሻገር ምን ማለት ነው?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዚህ ጨዋታ ዘመናዊው ምዕራፍ ላይ አንድ ተራ ቢያንስ አንድ ዓመት ነው። ያለ ቅብብል ሲሄድ ትራንስፖርቱ ያንን ባሕር ለመሻገር አራት ዓመት ፈጀበት ማለት ነው! በ2ኛው የዓለም ጦርነት ኩዊን ሜሪ የተባለችው የመንገደኛ መርከብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ጭና አትላንቲክን ስትሻገር አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀባትም። ከእውነታው የራቀው የቱ እንደሆነ ፍረዱ።

ይልቅ ጨዋታው ከእውነታው የሚርቀው ርክክቡ ላይ ነው። እዚህ ባሕር መሀል ስምንት ታንክ ከመርከብ ወደ መርከብ ማዛወር ነፃ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከአርጀንቲና ጋር በተዋጉበት የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ላይ እንግሊዞች ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ካንቤራ የተባለችው የመንገደኛ መርከብ ሦስት ሻለቃ ሙሉ ጭና ነበር። በአንድ ቦምብ ሦስቱንም ማጣት ይቻላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ግንቦት 19፣ ደሴቶቹ ላይ ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ባሕር መሀል ላይ አንዱን ሻለቃ ፊርለስ ወደተባለች፣ ሌላውን ኢንትሬፒድ ወደተባለች የጦር መርከብ አዛወሩ። ያ ርክክብ በሰላም አለቀ። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን ወታደሮችን ሄርሜስ ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ኢንትሬፒድ ያዛውር የነበረ ሲ ኪንግ ሄሊኮፕተር ባሕር ውስጥ ወድቆ 22 ሰው ሞተ።

ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችው የጭነት መርከብ በኤክዞሴት ሚሳይል ተመታች። ውስጧ የነበሩ ሦስት ቺኑክና ስድስት ዌሴክስ ሄሊኮፕተሮች አብረው ጠፉ። አንዲት ቺኑክ ብቻ በዚያ ሰዓት አየር ላይ ስለነበረች ተረፈች። በሄሊኮፕተር ሊሄዱ የታሰቡት ወታደሮች ዕቃቸውን ተሸክመው ደሴቲቱን በእግራቸው አቋረጡ። ጓደኛዬ ያጣው የስምንት ታንክ መርከብ ነገር ይሄው ነው፤ የተጫነው ሁሉ አንድ ቀፎ ውስጥ ሲያድር የሚሆነው።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ጦርነቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የተያዙት ከተሞች በዙ፣ ወዲህ ማዶ ያሉት ፋብሪካዎችም አደጉ፤ በተራ ወደ 8 ዩኒት ማውጣት ጀመረ። አሁን መርከብ መጨመር ትርጉም አለው፤ ጭነቱ መጥቷልና። አራት አስጨምሮ ስምንት አደረገ። ግን ስምንቱን እንዴት ያሰልፋቸው?

እሱ ያሰበው ጥሩ ነገር ነበር። «በየ3 ሣጥኑ አንድ ባቆምስ? እያንዳንዱ 3 ሄዶ አስረክቦ 3 ይመለሳል። በዚያው ተራ ቦታው ላይ ነው። በየተራው 8 ዩኒት ያደርሳል።» ልክ ነው፤ ይሠራል። እኔ ግን ስምንቱን በሁለት ፈረቃ መክፈሉን መረጥኩ። አራቱ በጎዶሎ ተራ ሞልተው ወደፊት ይሄዳሉ፤ አራቱ በዚያው ተራ ባዷቸውን ይመለሳሉ። በቀጣዩ ተራ ይቀያየራሉ። ይህም በየተራው 8 ዩኒት ያደርሳል። ውጤቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፈረቃውን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ።

መጀመሪያ የጣት ድካም። በየ3 ሣጥኑ ከሆነ በመንገድ ላይ 7 ርክክብ አለ። እያንዳንዱ ርክክብ 8 ዩኒት መቀስቀስና መጫን ነው። በየተራው 56 ጊዜ! በፈረቃው 3 ርክክብ ብቻ ነው፤ 24 ጊዜ። ይቺን የሚንቅ ሰው ረጅም ጦርነት ያልተጫወተ ነው። ብዙ ጥሩ ጨዋታ ሳያልቅ የሚተወው ተጫዋቹ ስለተሸነፈ ሳይሆን መጫን ስለሰለቸው ነው።

ሌላው አጀባ ነው። በፈረቃው ሌሊት ባሕር ላይ የሚያድሩት መርከቦች ሁሉም 6ኛው፣ 12ኛውና 18ኛው ሣጥን ላይ ይገናኛሉ። የቀሩት ሁለቱም ጫፍ ወደቦች ውስጥ ናቸው። ሦስት ሣጥን፣ ሦስት ዲስትሮየር። አንድ ሣጥን ላይ ብዙ መርከብ ካለ ሲጠቃ የሚከላከለው ጠንካራው ስለሆነ አንድ አጃቢ ለሁለቱም ይበቃል። አጃቢዎቹ መንቀሳቀስም የለባቸውም፤ እዚያው ይቆማሉ። በየ3 ሣጥኑ ብናሰልፍ ኖሮ ባሕር ላይ ሰባት ማደሪያ፣ ሰባት አጃቢ ያስፈልገን ነበር።

ዋናው ግን መሰበር ነው። ቅብብል አንድ ቀለበት ሲጎድል ይቆማል። ይህ ከምልልስ የሚያንስበት ነጥብ ነው፤ መደበቅ የለበትም። ለየብቻቸው ከሚመላለሱ ስምንት መርከቦች አንዱ ቢሰጥም የምታጡት አንድ ስምንተኛውን ነው። በየ3 ሣጥኑ ከተደረደሩት ስምንቱ አንዱ ቢሰጥም ግን የቀሩት ሰባቱ 21 ሣጥን ብቻ ነው የሚሸፍኑት፤ 3 ሣጥን ክፍት ይቀራል። አንዱ መርከብ ድርብ መንገድ ይሄድና በየሁለት ተራው ብቻ ይደርሳል፤ ሌሎቹም እሱን ይጠብቃሉ። በአንድ መርከብ ምክንያት ጠቅላላው በግማሽ ወረደ። በፈረቃው አንዱ ቢሰጥም አንደኛው ፈረቃ ይቆማል፤ ያም ግማሽ ነው። ልዩነቱ፣ ሌላው ፈረቃ ምንም አልነካውም፤ ከቆመው ፈረቃ የተረፉት ሦስት መርከቦች ደግሞ መጠባበቂያ ይሆናሉ። በቀጣዩ ጊዜ አንድ ሲጠፋ ቦታው የሚሞላው በአጠገቡ ባለ መርከብ ነው። ጓደኛዬ በኋላ አንድ ዘጠነኛ ትራንስፖርት ሠርቶ 12ኛው ሣጥን አካባቢ ባለች ጠፍ ደሴት ላይ በመሠረታት ትንሽ ከተማ ውስጥ አስቀመጠው። ከተማዋ ምንም አታመርትም። ያንን መርከብ ማሳደሯ ብቻ ግን ወጪዋን መለሰላት።

ስለ መመለሻው ጉዞም አንድ ነገር ላንሣ። መርከቦቹ ባዶ ይመለሳሉ አልኩ እንጂ ባዶ መመለስ ግዴታቸው አይደለም። ቅብብሉ በተቃራኒውም ይሠራል። ትናንት አድርሰው ያደሩት መርከቦች እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ባለው ጣቢያ ላይ ናቸው። 24ኛው ላይ ያደረው የቆሰሉ ታንኮችን ጭኖ ወደ 18ኛው ሲመለስ፣ እዚያ ያደረው ተቀብሎ ወደ 12ኛው ይወስዳቸዋል። በአንድ ተራ ቤት ይገባሉ። ቤት ባራክ (የጦር ሰፈር) ያለበት ከተማ ውስጥ በአንድ ተራ ይድናሉ፤ በሚቀጥለው ፈረቃ ተመልሰው ማዶ ናቸው። ጠላት አገር ሜዳ ላይ ተኝቶ ከማገገም በጣም ይፈጥናል። የተማረኩ ሠራተኞችንም በዚሁ መንገድ ማምጣት ይቻላል። ጓደኛዬ ይህን ራሱ ነው ያገኘው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

የማዶዋ ወደብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሲቪላይዜሽን 3 የተያዘ ከተማ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ጌታው ሊገለበጥ ይችላል። ሲገለበጥ ውስጡ ያለው ጦር በሙሉ ይጠፋል፤ ውጊያ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ብዙ ሰው ቅብብሉ ያመጣለትን ሁሉ እዚያች ከተማ ውስጥ ያከማቻል። ባሕሩ ላይ ያላጣውን እዚያ ያጣዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወረደው ዩኒት በዚያው ተራ ከከተማዋ ይውጣ። እርምጃው አልተነካም፤ መውጣት ይችላል። ከተማዋ ውስጥ ቢገለበጥ የማያሳዝን ጥቂት ጠባቂ ይቅር። ሊያገግም የሚገባውም እዚያ አይተኛ፤ በመመለሻው ጉዞ ይሂድ።

ከ2010ሩ ሲቪላይዜሽን 5 ጀምሮ ይህ ሁሉ ቀርቷል። ወታደሮቹ ባሕር ዳር ሲደርሱ ራሳቸው ይሳፈራሉ፤ ትራንስፖርት የሚባል መርከብ መሥራት የለም። ምቹ ነው፤ አልክድም። ግን እንደኔ ጨዋታው አንድ ትልቅ እንቆቅልሹን አጥቷል። ባሕሩ ውሃ የሞላበት ሜዳ ሆነ።

ሴቭ ፋይሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው ግንባሩ በባሕር ዳርቻው ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር። ጓደኛዬ ሌላ ወደብ ይዟል፤ ከ18ኛው ጣቢያ 5 ሣጥን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ሳይነካ የመጨረሻዎቹን ሁለት መርከቦች ብቻ ወደዚያ አዞራቸው። ቀጣዩ ዒላማው ግን የጠላት ዋና ከተማ ያለባት ደሴት ናት፤ እዚያ የያዘው ወደብ የለም። ስምንቱን መርከቦች ከየጣቢያቸው ሰብስቦ 64 ዩኒት በአንድ ጓድ ሊያራግፍ ነው ያሰበው። ዘጠነኛውን ደሴቷ ላይ ተወው አልኩት። «እሱንም እወስደዋለሁ» አለኝ።